ዴል ባይርበው ኖሮ

በእኛ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ዝም ይባል ነበር። ተይ አትሳቂ ሊያ፣ እውነቴን ነው። ትልቅ ሰው ተሳሳተ አይባልም፣ «እሱስ ልክ ነዎት» ተብሎ ይታለፋል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር፣ እና እኔ ያንን ይዤ ነው እዚህ ኮሎምበስ ድረስ የመጣሁት። ሁላችሁም ጋራዡ ውስጥ ቦታ ያዛችሁ? ስልኩ እየቀዳ ነው? ቀይ መብራቱ በርቷል? በይ እሺ። ቆይ ይሄ አውሮፕላን ይለፍ። እዚህ ጋሃና፣ ኤርፖርት ሥር፣ ቤት የገዛ ሰው እኮ ግማሽ ዕድሜውን «ቆይ ይለፍ» ሲል ነው የሚኖረው። አለፈ።

እና አንቺ «የእናቴ ወንድም ኒውክሌር ላይ ነበር የሚሠራው» እያልሽ ለጓደኞችሽ ታወሪያለሽ አሉ። ማለፊያ ነው፣ አውሪ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ዩራኒየም የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የኖርኩት ቧንቧ ስሰብር ነው። ምን ያስቅሻል? አዎ ቧንቧ! ሪአክተር ማለት እኮ በቀላሉ ትልቅ ውሃ ማፍያ ነው፣ ውሃው በዚህ ይገባል፣ ይግላል፣ በዚያ ይወጣል፣ የሚሄደው ደግሞ በቧንቧ ነው። ቧንቧው ከተሰበረ ጉድ ፈላ። ታዲያ ይሄ ቧንቧ ስንጥቅ ቢያወጣ ምን ያህል ጊዜ ችሎ ይቆያል፣ ምን ያህል ጉልበት ይሸከማል፣ ይሄንን አስቀድሞ ማወቅ ነው የእኛ ላብ፣ የላቦራቶሪው ማለቴ ነው፣ ሥራ። እንዴት ይታወቃል? በመስበር ነዋ! ይሄን የሚያህል ቧንቧ፣ እጄን አያችሁት አይደል፣ ይሄን የሚያህል፣ እኛው ራሳችን በመጋዝ ስንጥቅ እናበጅለታለን፣ ውስጡን በጣም የጋለ ውሃ በግፊት እንሞላለን፣ እና በሃይድሮሊክ ጃክ ከሥር እየገፋን እናጎብጠዋለን፣ እስኪሰበር። ይኸው ነው። ጨረር የለ፣ ምን የለ።

ይሄንን ግን ለሰው ማስረዳት አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት ነበሩ፣ ሕፃን አቅፌ ሲያዩኝ ሮጠው መጥተው ይቀበሉኛል። «ለደምሴ አትስጡት፣ ጨረር አለበት» ይላሉ አሉ። እናቴ ደግሞ በስልክ፣ «ልጄ፣ ቦምብ ነው አሉ የምትሠራው?» አለችኝ። «ኧረ እማዬ፣ ቧንቧ ነው የምንሰብረው» አልኳት። እና ምን አለችኝ፣ «ታዲያ ቧንቧ ለመስበር አሜሪካ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? እዚህስ በየቀኑ ይሰበር የለም ወይ?» (ሳቅ)

ምን? ሐብሐብ? አልፈልግም ሊያ፣ አሁን በላሁ እኮ። እሺ አምጪው፣ አስቀምጪው።

እና እዚያ ሥራ ያስገባኝ የላቡ አለቃ ጋሽ ቦብ ነው። ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ላይ ነበር የምሠራው መጀመሪያ፣ እዚያች የመስታወት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ። አዲስ አበባ ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ላይ እያለሁ ነው በረሃ አቋርጬ ከአገር የወጣሁት፣ እና ያቋረጥኩትን እዚህ የማታ ትምህርት ቤት ልጨርስ እያነበብኩ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ መኪናውን አቁሞ፣ መስታወቱን አውርዶ፣ «ምንድነው የምታነበው?» አለኝ። መጽሐፉን አሳየሁት። ስለ ብረት ጥንካሬ ነው። «ገጽ ስንት ደረስክ?» አለኝ። ነገርኩት። «እዚያ ገጽ ላይ ያለው ቀመር ስህተት ነው፣ አግኘው» ብሎኝ ሄደ! በሳምንቱ ሲመለስ አግኝቼው ጠበቅሁት። በወሩ ላቡ ሃየር አደረገኝ፣ መጀመሪያ ቴክኒሻን፣ ስመረቅ ኢንጂነር።

ታዲያ ቦብ በሉኝ ይላል ሰውዬው። ሁሉም ቦብ ይለዋል፣ ጽዳት የምትሠራዋ ልጅ ሳትቀር ቦብ። እኔ እንዴት ብዬ? የአባቴ እኩያ እኮ ነው! እና ጋሽ ቦብ አልኩት። ምን ማለት ነው ሲሉኝ፣ ታላቅ ሰው ሲከበር የሚባል ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ በሦስተኛው ወር ላቡ በሙሉ ጋሽ ቦብ ማለት ጀመረ። የልደት ኬኩ ላይ ሳይቀር ተጻፈለት።

እና አንድ ልማድ ነበረን። ቧንቧ ከመሰበሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው በስንት ጉልበት እንደሚሰበር ግምቱን በወረቀት ይጽፋል፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ ያሽጋል፣ ስሙን ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ቧንቧው ከተሰበረ በኋላ ይከፈታል። በጣም የራቀው ሰው ለሁሉም ዶናት ይገዛል። ጋሽ ቦብ ዶናት ገዝቶ አያውቅም። አንድም ቀን! ዴል ግን ሁልጊዜ እሱ ነው የሚገዛው። ዴል ማለት ዋናው ቴክኒሻን ነው፣ የሂልቶፕ ሰፈር ልጅ፣ በር ሲገባ በሩ የሚጠብበት፣ እጁ ይሄን የሚያህል፣ ልቡ ግን የሕፃን። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት፣ ፎቷቸውን የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፎ፣ መፍቻ ባወጣ ቁጥር ሰላም የሚላቸው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከአንድ ከተዘጋ የኃይል ማመንጫ ያረጀ ቧንቧ መጣልን። ለብዙ ዓመት ሙቀት የበላ ነው። ሲያዩት ደህና፣ የሚያብረቀርቅ። ሰኞ ዕለት እኔ ከብየዳው ላይ ትንንሽ ቁራጭ ቆርጬ በመዶሻ ማሽኑ መታሁት። ብረት ደህና ሲሆን ይታጠፋል፣ ይለመጣል፣ ለመሰበር ያንገራግራል። ይሄኛው እንደ ብስኩት ቀጭ አለ። ሌላ ቆረጥኩ፣ ቀጭ። ሦስተኛውንም፣ ቀጭ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ለምሳሌ ያህል ጋሽ ቦብ መቶ ላይ ነው የሚሰበረው ካለ፣ የእኔ ሃምሳ ሁለት ላይ መጣ። ደግሜ ሠራሁት። ሃምሳ ሁለት።

አሁን ይሄንን ስሙኝ። ዋናው እዚህ ላይ ነው። ሕጋችን እንዲህ ይል ነበር፦ ጉልበቱ ከተገመተው ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ ሰው ገብቶ ቧንቧው ጎን መሥራት ይችላል። ከግማሽ ካለፈ ማንም አይገባም። በማን ግምት? በጋሽ ቦብ ግምት! ስለዚህ በእሱ እስከ ሃምሳ ድረስ ዴል መግባት ይችላል። በእኔ ከሆነ ሃምሳ ማለት ሞት ነው። ገባሽ አይደል?

ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ ሆነ። ከመብራት ኩባንያ እንግዶች መጥተዋል፣ ከረባት ያደረጉ። ጋሽ ቦብ ቆሞ አስረዳ፣ መቶ ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ ዞር አለና፣ «የተለየ ሐሳብ ያለው አለ?» አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ምን ልበል? ከፓርኪንግ ያወጣኝን ሰው፣ ያስተማረኝን ሰው፣ ያውም እንግዳ ፊት፣ ተሳስተሃል ልበለው? አንተ ማን ነህና? እንጀራ የሰጠህን ሰው ታዋርዳለህ? እኔ ነኝ ራሴን እንዲህ የምለው፣ ማንም አላለኝም። እና ምን አደረግሁ? ሃምሳ ሁለት ብዬ በወረቀት ጻፍኩ፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተትኩ፣ በምላሴ አርጥቤ አሸግኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩ። እና ታውቂያለሽ፣ ቀለለኝ! ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ። እውነቱን ማንም በማያየው ቦታ አሽጌ አስቀምጬ፣ ነጻ ወጣሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።

(ባለቤቱ እትዬ ወይንሸት ከውስጥ፦ «ለእኔስ መቼ ነገርከኝ!») ለአንቺማ ብነግርሽ ጋሽ ቦብ ጋ ራስሽ ትደውይ ነበር። እሷን ታውቋት የለ።

እሺ፣ ሥራ ተጀመረ፤ ቧንቧው ብረት በር ባለው ክፍል ውስጥ፣ እኛ ከውጭ በመስታወት እያየን። ጉልበቱ እየጨመረ ሄደ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። አርባ ስምንት ላይ ሲደርስ ስንጥቁን የሚያየው ካሜራ ዘመም አለ። «ሆልድ!» አለ ጋሽ ቦብ፣ ጃኩ ቆመ። «አርባ ስምንት ነን፣ ከግማሽ በታች ነን። ዴል፣ ገብተህ ካሜራውን አቅናው» አለ። ዴል የእጅ ጓንቱን አነሳ።

የእኔ ወንበር ብረት በሩ አጠገብ ነው፣ እኔ የማየው ደግሞ የስንጥቁን ስፋት የሚያሳየውን መስመር ነው። ጃኩ ከቆመ መስመሩም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አልቆመም። ቀስ... ቀስ... እያለ ይወጣል። ማንም ሳይነካው! እና ዴል ወደ በሩ እየመጣ ነው። ያን ጊዜ የፈራሁትን በረሃ ስሻገር አልፈራሁም። እግሬ ብድግ አለ፣ አፌ ግን እምቢ። «ጋሽ ቦብ፣ አስቁመው» ማለት፣ ሦስት ቃል ነው፣ ሦስት ቃል! እንግዶቹ አሉ፣ እሱ አለ፣ ምላሴ ታሰረ።

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ምሳ ዕቃዬን አነሳሁ! በእግዚአብሔር፣ እየቀለድኩ አይደለም። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ የወይንሸት የሽሮ ፍትፍት ነው። ክዳኑን ከፍቼ በሩ ላይ ቆምኩና፣

«ዴል፣ ና ብላ!» አልኩት።

«ኋላ፣ ደምሴ። ካሜራውን ላቅና።»

«የለም፣ አሁን ነው የምትበላው።»

«ሰውዬ፣ ሁለት ደቂቃ ነው እኮ።»

«በሞቴ!» አልኩት። በአማርኛ። አልገባውም። «ባይ ማይ ዴዝ!» አልኩት በእንግሊዝኛ። ዓይኑን አፈጠጠ። «ኖባዲ ኢዝ ዳይንግ፣ ማን» አለኝ፣ ማንም የሚሞት የለም ማለቱ ነው። እኔ ግን ጠቅልዬ አጎረስኩት፣ ግድግዳ የሚያህል ሰው፣ በእጄ፣ ከብረት በሩ ጋር አጣብቄ! እንግዶቹ ይህ የምርምሩ አካል ይሁን አይሁን ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ጋሽ ቦብ ከወዲያ፣ «ደምሴ፣ ምንድነው የምትሠራው?» ይላል። «ምሳ ነው፣ ጋሽ ቦብ! አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛውን ልጨምርለት ነው!» እላለሁ። ዴል ማኘክ ጀመረ። የኦሃዮ ሰው እኮ ጨዋ ነው፣ አንዴ አፉ ከገባ አይተፋም። ጠዋት ቁርስ አልበላም ነበር ለካ። «ሄይ፣ ዚስ ኢዝ ጉድ» አለና ራሱ እጁን ሰደደ። ሦስተኛውን እያነሳ ነበር።

ቡም።

ሕንጻው ተንቀጠቀጠ። መስታወቱ በሙሉ በእንፋሎት ነጭ ሆነ፣ ምንም አይታይም። የማንቂያው ደወል ይጮሃል። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ሲገለጥ፣ ቧንቧው ለሁለት ተከፍሏል፣ ካሜራው ያለበት የብረት ማቆሚያ፣ ዴል ሊቆም የነበረበት ቦታ ማለት ነው፣ ተጣጥፎ ግድግዳው ሥር ወድቋል። ዴል አፉ ሙሉ ነው። አይውጥም፣ አይተፋም። ማቆሚያውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ማቆሚያውን። ከዚያ የመሣሪያ ሳጥኑ ጋ ሄዶ ክዳኑን ከፈተና፣ ፎቶውን እያየ ቆመ።

ይሄ አውሮፕላን ደግሞ። ይለፍ። ... አይ፣ አላለቀስኩም፣ ላብ ነው፣ ጋራዡ ይሞቃል።

እሺ። ጋሽ ቦብ እንግዶቹን ሸኝቶ ሳጥኑን ይዞ መጣ። የእኔን ኤንቨሎፕ ፈልጎ ከፈተው። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ውስጤ ትንሽ ኮራ ብሏል። ሰው አድኛለሁ፣ ቁጥሬም ተቀራርቧል፣ አሁን ጀርባዬን ቸብ ያደርገኛል ብዬ ነው የምጠብቀው። ወረቀቱን አነበበ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለኝ።

«ሰኞ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጻፍኩት እኮ!» አልኩት።

ወረቀቱን አየ፣ ምሳ ዕቃውን አየ፣ እኔን አየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደምሴ፣ ዴል ባይርበው ኖሮስ?» አለኝ።

ወይ ጉድ። ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። አላሰብኩትም! ለካ የሰውዬው ሕይወት ቁርስ መብላትና አለመብላቱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። የአንድ ሰው ነፍስ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በሽሮ ፍትፍት! ያን ጊዜ እምባዬ መጣ። አፈርኩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እስከዚያች ቀን ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

«አንተን በሰው ፊት እንዳላዋርድ ብዬ ነው» አልኩት።

«በሰው ፊት ብትነግረኝ እናደድ ነበር» አለ፣ እንዲህ ሽበቱን እያሻሸ። «ሳልጮህብህም አልቀርም። ብጮህስ? ጩኸት ሰው አይገድልም። እኔን የምታከብረኝ ከሆነ ሰው ከመግደል አድነኝ እንጂ።» ከዚያ ብድግ አለና ምሳ ዕቃዬን አነሳ። «ተርፏል?» አለኝ። ተርፎ ነበር። ቁጭ ብሎ በላው። መቶ ብሎ ሰሌዳ ላይ በጻፈበት እጁ።

(እትዬ ወይንሸት፦ «ያን ቀን እራት አልበላም፣ ታሟል ብዬ ነበር።») አዎ፣ አልበላሁም።

በማግስቱ ሕጉ ተቀየረ። ኤንቨሎፕ ቀረ። ግምት ከሥራው በፊት በቃል ይነገራል፣ እና ለመናገር የሚጀምረው አዲስ የመጣው፣ በዕድሜ ትንሹ ነው። ጋሽ ቦብ መጨረሻ። ሁለት ሰው በጣም ከተራራቀ፣ እስኪግባቡ ድረስ ጃኩ አይነካም። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ቧንቧ ላይ፣ ላቤ ጠብ ጠብ እያለ፣ «ጋሽ ቦብ፣ ተሳስተሃል» አልኩት። በሰው ፊት! ላቡ በሙሉ አጨበጨበ። እና ታውቂያለሽ፣ ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ! ዶናት ገዛሁ። (ሳቅ) ዴል ስድስት በላ።

ከዚያ ወዲያ ላቡ ውስጥ ተረት ሆኖ ቀረ። ሰው ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ሲያደርገው፣ ሌላው ምን ይለዋል፣ «ዶንት ፊድ ሚ ሽሮ»! ሽሮ አታብላኝ። ትልቅ ስብሰባ ላይ ሳይቀር። ምን እንደሆነ የማያውቅ አዲስ ሰው ይደነግጣል። ጋሽ ቦብ ሪታየር ካደረገ በኋላም ቤክስሊ ያለው ቤቱ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር፣ በር ከፍቶ ከሰላምታ በፊት «ዴል በልቷል?» ይለኛል። «በልቷል፣ ጋሽ ቦብ» እለዋለሁ። ዴል ይኸው የልጅ ልጅ አይቷል፣ ስልኬ ላይ ፎቶዋ አለ፣ ኋላ አሳያችኋለሁ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ። ይነቅዛል እማዬ። ያውም ከውስጥ ነው የሚነቅዘው፣ እንደዚያ ብየዳ፣ ላዩ እያብረቀረቀ።

አሁን ምንድነው ደግሞ? ሐብሐብ? ሊያ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛው ሳህን ነው። ከመጣሽ ጀምሮ ብላ ብላ ትይኛለሽ፣ በስልክ ትቀጃለሽ፣ ጫማሽን ታያለሽ። ጫማ ማየት ለእኔ ነው የምታሳዪኝ? ቁጭ በይ። ሽሮ አታብዪኝ። ኤንቨሎፑን ክፈቺው፣ ምንድነው የተጻፈው?

(ሊያ፦ «ናቲንግ፣ ጋሼ። ምንም።»)

ሊያ።

(ሊያ፦ «ኦኬ። ጋሼ... ድራይቭ ማድረግ ማቆም አለብህ። ሜይልቦክሱን፣ ፖስታ ሳጥኑን፣ ሁለት ጊዜ ገጭተሃል። ትናንት ሬድ ላይት አላየህም፣ እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ሁሉም ሰው ያወራል፣ ማንም አይነግርህም። አይ አም ስኬርድ፣ ፈርቻለሁ። አክስቴ ንገሪው አለችኝ።»)

ወይንሸት! አንቺም አለሽበት? ይኸው፣ ዛሬ ደግሞ እሷ ዝም አለች!

...

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ልጮህብሽም እችላለሁ። ሜይልቦክሱን የገጨሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ንፋስ ነው። እሺ፣ ንፋስ አይደለም። መብራቱንስ... መብራቱን አላየሁትም። ትናንት ማታ ይሄንኑ ሳስብ ነበር፣ እና አሽጌ አስቀምጬው ነበር።

ቁልፉ እዚያ ማንጠልጠያው ላይ ነው፣ ውሰጂው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በሰው ፊት ነው የምነግርሽ፣ እየተቀዳም ነው። እሑድ ቅዳሴ የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ በየሳምንቱ።

(ሊያ፦ «ፋይቭ ኤኤም?! ጋሼ፣ ኤቭሪ ሰንደይ?»)

በየሳምንቱ። ቁርስ በልተሽ ነይ። (ሳቅ)